ባለቤቴ መቶ ፐርሰንት ተብሏል፤ የእኔና የልጆቼ ሕክምናስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ነበር፤ ኢራቅ ዘምቷል። ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) በቅርቡ መቶ ፐርሰንት ዲሴብልድ ነው ብሎ ወሰነለት። እሱ በቪኤ ሆስፒታል ይታከማል። እኔና ልጆቹ ግን በኦባማኬር ነው ያለነው፣ ክፍያው ከብዶናል። እኔ 53 ዓመቴ ነው። ልጆቻችን 16 እና 20 ናቸው። እናቱም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ለቤተሰብ ቻምፕቪኤ የሚባል ነገር አለ ይላሉ። እውነት ነው? እግዚአብሔር አያድርገውና እሱ አንድ ነገር ቢሆን ይቋረጥብናል? ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ እዚያ ብንታመምስ?»

እውነት ነው እህቴ፣ አለ። ቻምፕቪኤ ቪኤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቬተራን ሚስትና ልጆች የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን ነው። ሕጉ የወጣው በ1973 ነው። ግን ብዙ ቤተሰብ መብቱ እያለው ሳያውቀው ይኖራል። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ይብሳል። በተለይ ከ2009 ጀምሮ አማርኛን ጨምሮ የተፈለጉ ቋንቋዎችን ለሚናገሩ የውጭ ዜጎች በተከፈተው የምልመላ በር የገቡ ልጆቻችን አሉ። ከዚያ በፊት በግሪን ካርድ የገቡም ብዙ ናቸው። ዩኒፎርሙን የለበሰው ሰው ስለ ራሱ ጥቅም ከጓደኞቹ ይሰማል። ለሚስት ግን የሚነግራት የለም።

ፎርም ከመሙላትዎ በፊት ግን የባለቤትዎን ደብዳቤ ያውጡና ደህና አድርገው ያንብቡት። «መቶ ፐርሰንት» የሚለው ለእሳቸው ይበቃል፤ የወር ገንዘባቸውም ሕክምናቸውም በእሱ ይሄዳል። ለእናንተ ግን አይበቃም። ቻምፕቪኤ የሚጠይቀው ጉዳቱ ከውትድርናው የመጣ፣ ሙሉ፣ ደግሞም ቋሚ መሆኑን ነው። የቪኤ ሰዎች «ፐርማነንት ኤንድ ቶታል» ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት ፒ ኤንድ ቲ። ይሻላቸው ይሆናል ተብሎ ለጊዜው መቶ የተሰጣቸው አሉ። ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው መቶ ይሰጠውና ሕክምናው ሲያልቅ እንደገና ይመረመራል። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቤተሰብ አያገኝም።

የውሳኔው ደብዳቤ ላይ ምን ይፈልጋሉ? ብዙውን ጊዜ «ቋሚ» ብሎ በግልጽ አይጽፈውም። «ምዕራፍ 35 በሚባለው የቤተሰብ የትምህርት ድጎማ ለመጠቀም መሠረታዊ ብቁነት ተረጋግጧል» የሚል መስመር ካለ ግን ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። ያንን የሚጽፉት ለቋሚ ብቻ ነው። (ይኸው ምዕራፍ 35 ራሱ ለእርስዎም ለልጆቹም የኮሌጅ ገንዘብ ነው። ሌላ ቀን የምንመለስበት ትልቅ ነገር ነው፤ የ20 ዓመቱ ልጅ ግን ዛሬውኑ ይይው።) ሁለተኛው መንገድ ባለቤትዎ የቪኤ ድረ ገጽ ላይ ገብተው የጥቅማ ጥቅም ማጠቃለያ ደብዳቤ እንዲያወርዱ ነው። እዚያ ላይ ቋሚና ሙሉ ጉዳተኛ መሆናቸው «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ በአንድ መስመር ይወጣል። በተቃራኒው «ወደፊት ለምርመራ እንጠራዎታለን» የሚል ካዩ ገና ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎችም ልበል። ፐርሰንታቸው 70 ወይም 90 ሆኖ፣ ሥራ መሥራት ስላልቻሉ በመቶ ሒሳብ የሚከፈላቸው ቬተራኖች አሉ። «እኛ መቶ ስላልሆንን አይመለከተንም» ብለው የሚቀመጡ ቤተሰቦች ገጥመውኛል። ይመለከታችኋል። ያ ውሳኔ ቋሚ ከተባለ ቤተሰቡ ልክ እንደ መቶው ይታያል።

ገና ቋሚ ካልተባሉስ? ባለቤትዎ እንዲወሰንላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ግን በራሳችሁ አትሩጡ። ፋይሉ ሲከፈት ያለውም ፐርሰንት እንደገና ሊታይ ይችላል። መጀመሪያ ቪኤ እውቅና የሰጠው ሰው ያማክሩ። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው የሚባሉት የቬተራኖች ማኅበራት እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሏቸው፤ በነፃ ነው የሚሠሩት። «ፐርሰንቱን አስጨርስላችኋለሁ፣ ከመጀመሪያው ክፍያ ይህን ያህል ትሰጡኛላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ያሳዩት። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ መቀበል ሕጉ አይፈቅድም።

ሌላው የሚታየው ነገር ትራይኬር፣ የጦሩ የራሱ የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። ባለቤትዎ 20 ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ከሆነ፣ ወይም ጦሩ ራሱ በሕክምና ምክንያት ጡረታ ያወጣቸው ከሆነ ቤተሰቡ የትራይኬር መብት አለው። ትራይኬር የሚገባው ሰው ደግሞ ቻምፕቪኤ አያገኝም። ሁለቱን አፎካክሮ የተሻለውን መምረጥ የለም። ከጦሩ ሲወጡ የተሰጣቸው ዲዲ 214 ወረቀት ላይ የወጡበት ምክንያት ተጽፏል። ኮንትራታቸውን ጨርሰው በሰላም የወጡ ከሆነ የእናንተ መንገድ ቻምፕቪኤ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። እርስዎ ይገባዎታል። የ16 ዓመቱ ልጅም እስከ 18 ያለ ምንም ጥያቄ ይገባዋል። የ20 ዓመቱ ልጅ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። በሥራ ኢንሹራንስና በኦባማኬር ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ ሥር ይቆያል። ያ ደንብ ቻምፕቪኤን አልነካውም። እዚህ 18 ከሞላ በኋላ የሚቀጥለው እውቅና ባለው ትምህርት ቤት ሙሉ ጊዜ የሚማር ከሆነ ብቻ ነው፤ ያውም እስከ 23ኛ ልደቱ። ለዚህም የትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ መላክ አለበት። አንድ ሰሚስተር «ሥራ ልሥራበት» ብሎ ክላስ ቢቀንስና ከሙሉ ጊዜ ቢወርድ ይቋረጣል። ቢያገባም ይቋረጣል። ከ18 ዓመቱ በፊት በደረሰበት የጤና ችግር ራሱን መቻል የማይችል ልጅ ግን ዕድሜ አያግደውም። ያንን ቪኤ ራሱ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የእንጀራ ልጅም ይካተታል፤ ከቬተራኑ ቤት ከወጣ ግን ያበቃል።

የባለቤትዎ እናት አይካተቱም። ይህን ስናገር ሰው ይከፋዋል፤ እኔም ይከፋኛል። በእኛ ቤት እናት ከቤተሰብ ውጭ ሆና አታውቅም። በታክስ ላይ ጥገኛ አድርጋችሁ ብታስመዘግቧቸው እንኳ ለዚህ ፕሮግራም አይቆጠርም። ለእሳቸው በምትኖሩበት ስቴት ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት ሽፋን) በኩል ይጠይቁ፤ የኢሚግሬሽን ሁኔታቸውና የቆዩበት ጊዜ ይወስነዋል።

ክፍያውን በተመለከተ የወር መዋጮ የለውም። በዓመት ለአንድ ሰው 50 ዶላር፣ ለቤተሰብ ቢበዛ 100 ዶላር ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣ) አለ። ከዚያ በኋላ ቻምፕቪኤ ከፈቀደው ዋጋ ላይ እርስዎ 25 ፐርሰንት፣ እነሱ 75 ይከፍላሉ። በዓመቱ የመጀመሪያ ቀጠሮዎ የተፈቀደው ዋጋ 200 ዶላር ነው እንበል። 50 ዲዳክቲብል ይሄዳል፤ ከቀረው 150 ላይ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይጨምራሉ። ሁለተኛው ቀጠሮ ያው 200 ቢሆን 50 ዶላር ከፍለው ይወጣሉ። ከባድ በሽታ ቢመጣ፣ አያድርገውና፣ የቤተሰቡ ድርሻ በዓመት 3,000 ዶላር ሲደርስ የተሸፈነውን ሕክምና ሙሉ ለሙሉ እነሱ ይይዙታል። ኦባማኬር ላይ ካለው ዲዳክቲብል ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነቱን ለራስዎ ያዩታል።

የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ ብቻውን ለማመልከት ይበቃል። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለታይሮይድ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በፖስታ፣ እቤትዎ ድረስ፣ ያለ ምንም ክፍያ ይላካል፤ እስከ 90 ቀን የሚበቃ። ዲዳክቲብል የለው፣ ኮፔይ (በየጊዜው የሚከፈል ድርሻ) የለው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መድኃኒት የሚሸፍን ሌላ ኢንሹራንስ ካለዎት ይህ አገልግሎት ይዘጋል። ድንገት ለሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ዓይነቱን ግን ሠፈር ካለው ፋርማሲ በ25 ፐርሰንቱ ይገዛሉ።

ሐኪምስ? ቻምፕቪኤ የራሱ የሐኪሞች ዝርዝር የለውም። ሜዲኬር (65 ለሞላቸው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ወይም ትራይኬር የሚቀበል ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል። ስልክ ሲደውሉ የፊት ዴስኩ ሠራተኛ «ቪኤ አንቀበልም» ልትልዎ ትችላለች፤ ስሙ ቪኤ ስላለበት ከቬተራኑ ሕክምና ጋር ታምታታዋለች። ረጋ ብለው «የቪኤ ሆስፒታል ሪፈራል አይደለም፣ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ነው» ይበሏት። የሐኪሙ ቢሮ ተቀብሎ በቀጥታ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ካስገባ፣ ከተፈቀደው ዋጋ በላይ ያለውን ልዩነት ከእርስዎ መጠየቅ አይችልም። አንዳንድ የቪኤ ሆስፒታሎች ደግሞ ቦታ ሲኖራቸው የቤተሰብ አባላትንም በነፃ ያክማሉ፤ ባለቤትዎ የሚታከሙበትን ይጠይቁ። ጥርስና መነጽር በመደበኛው አይሸፈንም። ለጥርስ ቪኤ በዴልታ ዴንታልና በሜትላይፍ በኩል የሚያቀርበውን ኢንሹራንስ በራስዎ ክፍያ መግዛት ይችላሉ።

ኦባማኬሩን ግን ካርዱ እጅዎ ሳይገባ እንዳይሰርዙት። ማመልከቻው ጊዜ ይወስዳል። ካርዱ ሲመጣ ኦባማኬሩን ለገዙበት ማርኬትፕሌስ ወዲያው ያሳውቁ። ካላሳወቁ መንግሥት የደጎመልዎትን ገንዘብ በታክስ ሰዓት መልሱ ይባላሉ። በሥራ ቦታ ጥሩ ኢንሹራንስ ያላችሁ ሌሎች ደግሞ ቻምፕቪኤን ደርባችሁ መያዝ ትችላላችሁ። የሥራው ኢንሹራንስ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ቻምፕቪኤ የቀረውን ያነሳል፤ ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚወጣ ነገር አይኖርም።

እርስዎ 53 ነዎት፤ 65 ሩቅ ይመስላል። ግን ይህን የሚያነቡ እዚያ የደረሱ እናቶች ስላሉ አላልፈውም። 65 ሲሞላ ሜዲኬር ፓርት ኤ (የሆስፒታሉ ክፍል) ያለ ክፍያ የሚገባው ሰው ፓርት ቢም (የሐኪሙ ክፍል) ካልገባ ቻምፕቪኤውን ያጣል። ፓርት ቢ ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ በ2025 መደበኛው 185 ዶላር ነበር። «እኔ አሥር ዓመት አልሠራሁም፣ ሜዲኬር አይመለከተኝም» የሚሉ አሉ። በባል የሥራ ታሪክም ይገኛል፣ ባል ሞቶም ቢሆን። ስለዚህ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነው። በእርግጥ የማይገባዎት ከሆነም ያንን የሚል ደብዳቤ ከእነሱ ይውሰዱ፤ ቻምፕቪኤ ይጠይቀዋል። ቀኑን አሳልፎ በኋላ ፓርት ቢ የሚገባ ሰው ለእያንዳንዱ ያለፈ ሙሉ ዓመት 10 ፐርሰንት ቅጣት በወር ክፍያው ላይ ይጨመርበታል።

ፓርት ዲ፣ የመድኃኒቱ ክፍል፣ ግን ግዴታ አይደለም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። የማኅበረሰብ ዝግጅት ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ሜዲኬር አድቫንቴጅ (ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ፕላን) የሚሸጡ ወኪሎች አሉ፤ ጥርሱም መነጽሩም በነፃ ነው ይሏችኋል። ፕላኑ ውስጥ የመድኃኒት ሽፋን ካለበት ያ በፖስታ የሚመጣው ነፃ መድኃኒት ቀረ ማለት ነው። ወኪሉ ይህን ላያውቅ ይችላል። ከመፈረም በፊት ቻምፕቪኤ እንዳላችሁ ንገሩት።

የዕድሜ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የልደት ቀናችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲቀየር የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ተምታቶ በፓስፖርት አንድ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ሌላ የሆነባቸው ሞልተዋል። ይህ ፕሮግራም 18፣ 23፣ 55፣ 65 እያለ በልደት ቀን የሚሠራ ነው።

አሁን ወደዚያ ከባድ ጥያቄዎ። ባለቤትዎ ቋሚ ተብለው ሳለ ቢያርፉ፣ በምንም ምክንያት ይሁን፣ የመኪና አደጋም ቢሆን፣ የእርስዎና የልጆቹ ሽፋን ይቀጥላል። ውሳኔው በተሰጠ በወሩም ቢሆን ያው ነው። ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው የወር ገንዘብ፣ ዲአይሲ የሚባለው ግን በሌላ ደንብ ነው የሚሄደው። ለእሱ ወይ የሞቱ ምክንያት ከውትድርናው ጋር መያያዝ አለበት፣ ወይም ቬተራኑ ከመሞቱ በፊት በተለምዶ 10 ዓመት ሙሉ ጉዳተኛ ተብሎ የቆየ መሆን አለበት። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ «ዲአይሲ ከተከለከልኩ ቻምፕቪኤም የለኝም» ይላል። አይደለም፤ ለየብቻ ነው የሚታዩት።

ቋሚ ሳይባሉ ቢያርፉ ግን ሸክሙ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ሞቱ ከአገልግሎቱ ጋር በተያያዘ በሽታ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅብዎታል። የ2022ቱ ፓክት አክት የተባለው ሕግ ኢራቅና አፍጋኒስታን ለነበሩት ይህን በጣም አቅልሎታል። ከቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶቹ ጭስ ጋር የተያያዙ ብዙ ካንሰሮችና የሳንባ በሽታዎች ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ከአገልግሎቱ የመጡ ተደርገው ይወሰዳሉ። ቀድሞ የተከለከለች ሚስትም እንደገና ማመልከት ትችላለች። ቢሆንም የሞት ምስክር ወረቀቱ «ልቡ ቆመ» ብቻ የሚል ከሆነ ያስቸግራል። ለሞት ያበቃው በሽታ፣ አስተዋጽኦ ያደረገውም ጭምር እንዲጻፍ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሰው በሐዘን ላይ ሆኖ ይህን አያስታውስም፤ ስለዚህ ወንድም ወይም እህት ቀድሞ ይወቀው። አገር ቤት ሆኖ የሞተ አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የሞት ሪፖርት ያወጣል፤ የሆስፒታሉን ፋይል ቅጂ ግን ቤተሰቡ ራሱ ይያዝ። ለዚህ ነው እሳቸው ደህና ሳሉ የቋሚነቱን ጉዳይ ጨርሱት የምለው። ዛሬ ባለቤትዎ በአንድ ፊርማ የሚጠይቁትን፣ ነገ እርስዎ በሣጥን ወረቀት ነው የሚያስረዱት።

ደግሞ ማግባት የመጣ እንደሆነ፦ ባሏ የሞተባት ሴት ከ55 ዓመቷ በፊት ካገባች ቻምፕቪኤዋ ይቋረጣል። 55 ከሞላት በኋላ ካገባች አይነካባትም። ቀድማ አግብታ ያ ትዳር በሞት ወይም በፍቺ ቢያበቃ መብቷ ይመለሳል። «በሽማግሌ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም» ማለት አያዋጣም። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን የሃይማኖትንም የባህልንም ጋብቻ ያውቃል፤ ቪኤም ጋብቻን የሚያየው ጥንዶቹ ሲጋቡ፣ ወይም መብቱ ሲገኝ፣ በኖሩበት ቦታ ሕግ ነው። ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ፍቺ ቢመጣ ደግሞ የሚስት መብት ያበቃል፤ የራሳቸው ልጆች ግን ይቀጥላሉ።

ማመልከቻው 10-10ዲ የሚባለው ፎርም ነው። በቪኤ ድረ ገጽ ላይም ይሞላል። ሌላ ኢንሹራንስ ስላላችሁ 10-7959ሲ የሚለውም አብሮ ይሄዳል። ፎርሙ ራሱ ቀላል ነው። የእኛ ችግር ስም ነው። እርስዎ በአባትዎ ስም ይጠራሉ፣ ልጆቹ በባለቤትዎ ስም፣ ባለቤትዎ በአባታቸው ስም። ለፋይል ሠራተኛው አራት ሰው የማይተዋወቅ ይመስላል። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት አማራጭ ነው ቢልዎትም አያይዙት፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ከትርጉሙ ጋር። ከሁሉ በፊት ባለቤትዎ እርስዎንና ልጆቹን በራሳቸው የቪኤ ፋይል ላይ አስመዝግበው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ካላስመዘገቡ 21-686ሲ በሚባለው ፎርም ያስጨምሩ፤ የወር ክፍያቸውም በዚያው ያድጋል። ጥያቄ ሲኖርዎት የቻምፕቪኤ ስልክ 800-733-8387 ነው።

ቢከለክሉ ደብዳቤው ላይ ምክንያቱና የይግባኝ መንገዱ ይጻፋል፤ አንድ ዓመት አለዎት። ብዙው ክልከላ የጎደለ ወረቀት ነው።

ስለ አዲስ አበባው፦ ቻምፕቪኤ ውጭ አገርም ይሠራል። ለቱሪስትም፣ እዚያው ለሚኖርም። ብቻ እዚያ ያለ ሆስፒታል ለቪኤ ቢል አይልክም። እርስዎ በብር ይከፍላሉ፣ ተመልሰው ክሌም ያስገባሉ፣ በዶላር ይተካልዎታል፤ ያው የእርስዎ 25 ፐርሰንት ተቀንሶ። ከታከሙበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሳያልፍ መድረስ አለበት። በየቀኑ የሚወስዱትን መድኃኒት ከመሄድዎ በፊት የ90 ቀኑን አስመጥተው ይያዙ። እዚያ ከታከሙ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ዝርዝር ቢል ይጠይቁ፦ የበሽታው ስም፣ የታከሙበት ቀን፣ እያንዳንዱ ምርመራና ዋጋው፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የሐኪሙ ስም፣ ቢቻል በእንግሊዝኛ። ካሸሯ «ደረሰኙ ይበቃል» ትልዎታለች። «የሕክምና አገልግሎት» ብሎ በአንድ መስመር ድምሩን ብቻ የጻፈ ደረሰኝ ግን ቪኤ ዘንድ ሲደርስ ተመላሽ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብለው ይጠብቋት።